ከሆንግ ኮንግ የመጣው ካርድ

«ሁለቱ ጓደኞቼ ከመርከቡ ወርደው እዚያው ቀሩ» ብዬ ከሆንግ ኮንግ የመጣውን የልጄን ካርድ አንብቤ ስጨርስ የክፍሉ ሴቶች ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። ምን እንዳነበብኩ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ነው የማነበው፤ ድምፁ ከአፌ ይወጣል፣ ትርጉሙ ኋላ ይደርስብኛል። በዚያ ዘመን ውጭ አገር መቅረት መኮብለል ነው። የኮብላይ እናት ቀበሌ ትጠራለች፤ ተጠርተው ያልተመለሱም ነበሩ። የቀበሌው ካድሬ ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ልጄ የመርከብ ሠራተኛ ነበር፤ ከየወደቡ ፖስትካርድ ይልክልኛል። መሠረተ ትምህርት ገብተን ፊደል ከለየን በኋላ አስተማሪያችን «ከቤታችሁ የተጻፈ ነገር አምጡና አንብቡ» አለችን። አንዷ የመድኃኒት ብልቃጥ አመጣች፣ አንዷ የዕድር ደረሰኝ። እኔ የቦምቤይን ካርድ ይዤ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይልቀቀኝ! ቸርችል ጎዳና ወርጄ ካርድ ከፖስታ ቤት ባመጣሁ ቁጥር ቤቴ አላነበውም፤ ለክፍሉ አቆየዋለሁ። አብረን ስንሰማው ነው የሚጥመኝ። እንዲህ እያልን እኛ የፒያሳ ሴቶች ቦምቤይ መንገድ መሃል የተኛችውን ላም ዞረን አለፍን፣ የሲንጋፖርን ሙቀት አብረን ተማረርን። አትክልት ተራ ሽንኩርት የምትነግደው ጎረቤቴማ «የነሱ ሽንኩርት በክረምት ይበሰብሳል ወይ? ጠይቂልኝ» ብላ አስጻፈችኝ። ልጄም አላፈረ፣ «እንደኛው ይበሰብሳል» ብሎ መለሰላት። ሳምንቱን ሙሉ ሳቅን።

ያን ቀን ግን የሳቀ የለም። ልጄ ደግ ነው እንጂ ብልጥ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር በግልጥ ካርድ ይጻፋል?

«ይቀጥሉ እንጂ፣ እናት» አለኝ ካድሬው።

አስተማሪያችን ቀልጠፍ ብላ፣ «ደክሞዎታል፣ እኔ ላንብብልዎት» አለች። ልታድነኝ ነው።

«ራሳቸው ያንብቡ።»

ዐይኔን ወደ ታች ቀድሜ ለመላክ ሞከርኩ፤ ጮክ ብዬ ካላልኩት አይገባኝም። ልዝለለው ብል ካድሬው ተቀብሎኝ ያነበዋል። ጀመርኩ።

«እኔ... ንም... ና ብለ... ውኝ... ነበር።»

ሽንኩርት ነጋዴዋ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ከታች ትንሽ ጽሑፍ ቀርታለች። ልጄ ይቅር ይመለስ እዚያች ውስጥ ነው።

«እኔ ግን... እም... እም...»

«በይ አውጪው! አማጥሽ እኮ!» ብላ ጮኸች ጎረቤቴ።

«እምቢ አልኩ። አሰብ ስንደርስ እመጣለሁ።»

ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። ካድሬው ተነሥቶ ካርዱን ተቀበለኝ። አነበበው፣ ገልብጦ ሥዕሉ ላይ ያሉትን የሆንግ ኮንግ ፎቆች ለረጅም ጊዜ አየ፣ መለሰልኝ። «ሲመጣ ቀበሌ ይታይ» አለና ወጣ።

እልልታው ለሌሎቹ ነው እንጂ እኔስ አላመንኩም። ሰው በመንገድ ሐሳቡን ይለውጣል። ሌላ ካርድም አልመጣ። በር በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ በቀዳዳ አያለሁ፤ ካድሬውን ባየሁ ቁጥር ወደ ሌላው መንገድ እሻገራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ሻንጣውን በትከሻው ተሸክሞ፣ ፀሐይ አክስሎት፣ በራችን ላይ ቆመ። ሳምኩት፤ አገላብጬ ሳምኩት። ቁጭ ሊል ሲል ግን ክንዱን ያዝኩ።

«ተነሥ፣ ቀበሌ።»

«እማዬ፣ ውሃ እንኳ ልጠጣ!»

«ስንመለስ ትጠጣለህ።»

ሻንጣውን እንኳ አላስወረድኩትም። ጎረቤቴ አይታን ሽንኩርቷን ጥላ ተከተለችን። ቀበሌ ስንደርስ ካድሬው ቀና ብሎ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

መዝገብ ላይ ጻፈ። «እንኳን ደህና ገባህ» አለ፣ አለቀ።

ቤት ተመልሰን ልጄ ውሃውን ሲጨልጥ ከበሩ ሥር ተቀመጥኩ። ልጄ ቤቱ ነው፣ እኔም ቤቴ ነኝ። ዳንን።