ሣሩ እንዳይንቀጠቀጥ

ባሌ ጉደታ አምቦ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ሰው የሚያውቀው ግን በሽምግልናው ነው። የተጣላ ባልና ሚስት፣ በድንበር የተካሰሰ ጎረቤት ሁሉ ደጃችን ባለው የባሕር ዛፍ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አዲስ አበባ ወሰድኩት። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አለንና ሁለት ዓይነት ክኒን አዘዘ። ትንሿ ነጭ ለመንቀጥቀጡ ነበረች፤ ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ። «ጥያቄ አለዎት?» ሲለኝ አፍሬ «የለኝም» አልኩ። ነበረኝ እኮ።

የከተማው ሰው በሽታውን አያውቀውም። «ኦቦ ጉደታ በእርጅናው መጠጥ ጀመረ» አሉ። ጌታን ከተቀበለ ወዲህ ጠላ እንኳ ያልቀመሰ ሰው!

በ1999 ዓ.ም. ጥር ላይ የእህቱ ልጅ ኦሊቃ፣ ጎጆ ከተማ ያለች ሃዋኒ የምትባል ልጅ ሊያገባ ፈለገ። ቃል ተናጋሪው ሽማግሌ ጉደታ ሆነ። በእኛ ዘንድ ለልመና የሄደ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ይቆማል። እጅ ጋቢ ውስጥ ይደበቃል፤ ሣር ግን አይደበቅም።

«ሣሩ ከተንቀጠቀጠ ሰካራም ላኩብን ይላሉ» አለኝ ሦስት ቀን ሲቀረው። «ልጁም ጋብቻው ይቀርበታል፣ የእኔም ስም ያበቃለታል። ትንሿን ሙሉ ሙሉ ስጪኝ።»

ሰጠሁት። በማግስቱ ደግሞ ሁለት ሁለት። እጁ በእውነት ረጋ። ውኃ የሞላ ብርጭቆ ይዞ ግቢውን ዞረ፤ ጠብ አላለበትም። በሚሄዱበት ጠዋት ባዶው አግዳሚ ፊት ቆሞ «ተራ በተራ ተናገሩ እንጂ!» ሲል ሰማሁት። ንግግር የሚለማመድ መስሎኝ ጫማውን መጥረጌን ቀጠልኩ።

የሆነውን የነገረኝ አብሮት የሄደው ኦቦ ፉፋ ነው። የልጅቷ አባት ኦቦ ሞቱማ ቤት ገብተው ቆሙ። ሣሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ጉደታ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብሎ ጀመረና ድንገት ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ ማንም የለም።

«እናንተ ሁለታችሁ፣ አምቦ ጠብቁኝ አላልኳችሁም? በሰው ቤት ትጣላላችሁ?»

«ማንን ነው የሚያናግረው?» አለ ሞቱማ።

«በሬውን የወሰደው ያ ረጅሙ ነው። አንተም ምስክር ትሆናለህ» አለው ጉደታ፤ ሣሩንም ለማይታየው ሰው ዘረጋለት።

ጓዳ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ሞቱማ አልሳቀም። «አንተ ፉፋ! ሰካራም አስከትለህ ነው ልጄን የምትለምነኝ? ውሰድልኝ!»

አምቦ ሲመልሱት ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ክኒኖቹን ቆጥራ «ይህቺን ማን ጨመረላቸው? ስትበዛ አእምሮ ታዛባለች፣ የሌለ ሰው ታሳያለች» አለችኝ።

«እኔ» አልኩ።

ወደ ግማሿ ሲመለስ አእምሮው ጠራ፤ መንቀጥቀጡም ተመለሰ። ሞቱማ ቤት ምን እንዳደረገ ፉፋን ለምኖ አንድም ሳያስቀር እንዲነግረው አደረገ። የክኒኑን ነገር ፉፋ ለሞቱማ ቢያስረዳው «ስካር ስንት ስም አለው!» አለ አሉ። ኦሊቃ ሌሎች ሽማግሌዎች ልኮ ሃዋኒን አገባ። ሠርጉ ላይ ምርቃቱን ፉፋ መረቀ፤ እኛን ድስቱ አጠገብ አስቀመጡን።

ከዚያ ወዲህ አግዳሚው ላይ ዶሮ ይሰፍርበታል። ጉደታ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጋቢውን ለብሶ ደጅ ይወጣል።

«ሰው መጣ?» አለኝ ትናንት።

«አልመጣም።»

«ያኔ ሞቱማ ቤት እንኳ ሁለት ነበሩ» አለ።