ብርዱ አለፈ ያልኩ ጊዜ

ዛሬ ጠዋት ከአውቶቡስ መስኮት ጊንጪ ሜዳ ላይ ነጭ ውርጭ ሳይ ኦቦ ቶሎሳ ትዝ አሉኝ። ጭልሞ ችግኝ ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ነበሩ።

በልጅነቴ እናቴ እየሸጠች የምትተዳደርበትን የቲማቲም ችግኝ ማታ ማታ ገለባ የማለብሰው እኔ ነበርኩ። አቧራው አፍንጫዬን ያሳክከኝ ነበር። ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ «ቀኑ መርዘም ጀምሯል፤ ብርዱ አለፈ» አልኳቸው።

«መሬቱ ቀን ከሚያገኘው ሙቀት ሌሊት የሚያጣው ገና ይበልጣል። ዋናው ብርድ ጥር ላይ ነው፤ አልብሺው» አሉኝ።

ሰልችቶኝ ተውኩት። ጥር በገባ በሳምንቱ ችግኙ ጠቁሮ አደረ። እናቴ ስትቆጣኝ፣ «ኦቦ ቶሎሳ ብርዱ አለፈ ብለውኝ ነው» አልኩ።

ሄዳ ጠየቀቻቸው። እኔን አየት አድርገው፣ «አዎ፣ ተሳስቼ ነው» አሏት።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ነፈገቻቸው። አምና ሲያርፉም ለቅሶ አልደረሰችም። እኔም እስካሁን አልነገርኳትም።