ባሌ ሰነፍ ተማሪ የሆነበት ዓመት

ባሌ ፍቅረሥላሴ የሒሳብ መምህር ነው። ሃያ ሦስት ዓመት አስተምሯል፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ ስድስቱን ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ብቻ። እኔ ትጊ እባላለሁ፤ ሰበታ ላይ ከአንድ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ኮፒ ቤት አለኝ። ድሮ ስለ ፍቅሬ ሰው ሲጠይቀኝ «ልጆች ስለሚወድ ነው ከትንንሾቹ የማይለየው» እል ነበር። ጉድ እኮ ነው! ሰውዬው ለካ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሸሽቶ ነው። ይህን ያወቅኩት አምና መስከረም ላይ ነው።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት መጥቶ ሱቁ ውስጥ የወረቀት ካርቶን ላይ ዘፍ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰጡኝ።»

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ! ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?»

«ትጊ፣ ዝም በይ እስቲ።»

እኔ ደግሞ ዝም በይ ስባል ደሜ ነው የሚፈላው። የአፌን ልሰጠው ስል ግን ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ተውኩት። ቀስ ብሎ ነገረኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ካልኩለስ የሚባል ነገር አለ። ኮሌጅ እያለ ለፈተና ሸምድዶት ነበር፤ ፈተናው ባለቀ ማግስት ረሳው። ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ በየዓመቱ «ዘጠነኛ ክፍል ይሁንልኝ» እያለ ሲለምን፣ እነሱም እየፈቀዱለት ኖረ። አሁን የነበረው መምህር ተዛወረና ዕጣው እሱ ላይ ወደቀ።

«ለኃላፊህ ንገረዋ፣ ምን አለበት?»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ቲቸር ሲለኝ ለኖረ ሰው ሄጄ አላውቀውም ልበለው? ሥራዬን ብለቅ ይሻለኛል» አለና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የመልቀቂያ ደብዳቤ! ለካ ወደ እኔ የመጣው ሊያወራኝ አይደለም፤ ሁለት ኮፒ ሊያስደርግ ነው።

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አልኩት። ማሽኑ አጠገቤ ወረቀት እየተፋ ነበር። እሱም አየው፣ እኔም አየሁት፤ ደብዳቤውን መልሶ ኪሱ ከተተ።

በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። ካልኩለሱ የሚጀመረው የካቲት ላይ ነው። እስከዚያ ካወቀው ያስተምራል፤ ካላወቀው ይለቃል። ሌላ ሥራ የለውም፤ ሌላ ሥራም አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

በሳምንቱ አንድ ነገር አሰበ። «ማኅበር ላቋቁም ነው» አለኝ። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ የሒሳብ መምህራን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በተራ በየከተማው እየተሰበሰቡ ልምድ ይለዋወጣሉ። ወጣቶቹ ያስተምራሉ፤ እሱ ሰብሳቢ ሆኖ ከኋላ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ይሰማል ማለት ይማራል ማለት ነው። ማንም አያውቅበትም።

«እዚሁ ትምህርት ቤታችሁ ለምን አይሆንም?»

«እነሱማ ያውቁብኛላ!»

ሳቄ መጣ፤ ግን አርባ የጥሪ ወረቀት አተምኩለት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ቡራዩ ላይ ነበር። ሦስት ሰው መጣ። አንደኛው አበል ያለ መስሎት ኖሮ፣ እንደሌለ ሲሰማ ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሰው ወጥቶ አልተመለሰም። ሁለቱ ግን ቀሩ። አንዷ ራቢአ ናት፤ የቡራዩ ልጅ፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ፣ አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ እሷ ደግሞ አፏ ምላጭ ነው። ሌላው ሞቱማ ነው፤ ከሱሉልታ፣ ከፍቅሬ ጋር እኩያ፣ ግዙፍ ሰው፣ ሲጨንቀው ወደ ኦሮምኛ የሚዞር። ኋላ እነዚህ ሁለቱ ሌሎችን እየጎተቱ አመጡ፤ ኅዳር ላይ ዘጠኝ ሆኑ።

ዘጠኝ ሆነው ምን ሠሩ? ደንብ አረቀቁ! ሦስት ቅዳሜ ሙሉ። ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ የቁጥጥር ኮሚቴ። አስቡት፣ ዘጠኝ ሰውን የሚቆጣጠር ኮሚቴ! ማኅተሙ ላይ ኮምፓስ ይሁን ወይስ ሦስት ማዕዘን ሲባባሉ አንድ ቅዳሜ መሸ። እኔ በር ላይ እጠብቀዋለሁ።

«እህ፣ ካልኩለሱስ?»

«አንቀጽ አሥራ አራት ደርሰናል።»

«የራስህን አንቀጽ ብላ!» ብዬ በር ዘጋሁበት። ታኅሣሥ ገብቷል እኮ! ሰው እንዴት ሊሰምጥ ሁለት ወር ቀርቶት ስለ ማኅተም ይከራከራል?

ማኅበሩ ላይ ነፍስ የዘራችበት ራቢአ ናት፤ ዕድሜ ይስጣት። በሚቀጥለው ስብሰባ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ሊያነብ ሲነሳ ብድግ አለች። «ወላሂ፣ ዛሬም ሰሌዳው ላይ ቁጥር ካልተጻፈ ወደ አባቴ ሱቅ ነው የምሄደው፤ እዚያ ቢያንስ ሜትር እንለካለን» ብላ ጠመኔ አነሳች። ከዚያ ሥርዓት አወጣች። አንድ ሰው ያስተምራል፤ ሌሎቹ መምህርነታቸውን ትተው ተማሪ ይሆናሉ። አንዱ ጎበዝ፣ አንዱ ረባሽ፣ አንዱ ሰነፍ፤ በዕጣ። ሰነፍ የሆነው እስኪገባው ድረስ መጠየቅ አለበት፤ ዝም ማለት አይፈቀድም።

ሰነፍ መሆን ማንም አልፈለገም። ሁሉም ጎበዙን ነው የሚፈልገው። የኔው ጉድ እጁን አወጣና «ሰነፉን እኔ ልሁን፤ ዕጣም አያስፈልግም» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቦታው የሱ ሆነ።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ የጠየቀውን ጥያቄ! «ቲቸር፣ ሊሚት ማለት ምን ማለት ነው?» «ቲቸር፣ ይሄኛው ከየት መጣ?» «ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ከመጀመሪያው ይደገምልኝ።» ውስጡ የተጠራቀመውን ሁሉ አወጣው። እነሱ ደግሞ ትወና መስሏቸው በሳቅ ይሞታሉ። «ኧረ ጋሽ ፍቅሬ፣ የኔን ተማሪ ቁርጥ!» ትለዋለች ራቢአ። አንድ ቀን ሞቱማን ያስጨነቀውማ አይነገርም። ሞቱማ ደሪቬቲቭ ስለሚባለው፣ ነገር በየቅጽበቱ በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ ስለሚሰላበት፣ መግቢያ ቢጤ እያስተማረ ነው። ኤች የምትባል ትንሽ ቁጥር አለች፤ መጀመሪያ በኤች ያካፍላሉ፣ መጨረሻ ላይ ኤችን ዜሮ ያደርጓታል።

«ቲቸር፣ ኤች ዜሮ ናት ወይስ አይደለችም?» አለው ፍቅሬ። «ዜሮ ከሆነች በዜሮ አካፍለናል፤ ክልክል ነው። ካልሆነች ደግሞ አሁን የት ጠፋች?»

ሞቱማ ላብ አጠመቀው። በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉረመረመና «በትርጉም ነው! ትርጉሙ እንዲህ ይላል፣ አለቀ! ጻፍ!» ብሎ ቀጠለ። ፍቅሬም ጻፈ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙውን ያዘ። ቤት ሲመጣ ፊቱ ይፈካል። እኔም ተመስገን ማለት ጀመርኩ። ጥር መጨረሻ ላይ ግን አንድ ቅዳሜ እንደ መስከረሙ አመድ መስሎ መጣ። ራቢአ ተራ አውጥታ ደሪቬቲቭን እሱ እንዲያስተምር መድባዋለች፤ ሱሉልታ ላይ። «ተማሪ የት ጋ እንደሚሰናከል እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለም» አለችው። «እኔ ሰብሳቢ ነኝ» ቢላት፣ «ሰብሳቢ አያስተምርም የሚል አንቀጽ የለም፤ ደንቡን እርስዎ ነዎት ያረቀቁት» ብላ አፉን አስያዘችው።

ሁለት ሳምንት አጠና። ስሌቱን ጥርት አድርጎ ይሠራዋል። ያቺ ኤች ግን አሁንም አልገባችውም። «በትርጉም ነው»ን ጽፎ ያዘ እንጂ አላመነበትም። ቅዳሜ ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ አልነሳም አለ።

«ለራቢአ ደውዪና ታሟል በያት።»

«ዛሬ ይሄን ካላስተማርክ ሰኞ ካልኩለሱ ሲጀመር ክፍል ምን ልትሆን ነው?»

«ሰኞማ ያው ነው። እለቃለሁ።»

ስልኩን አነሳሁና ደወልኩ። «ራቢአ፣ አካም ጅርታ የኔ ቆንጆ? ፍቅሬ እየመጣ ነው። እኔም የሚያስተምርበትን ወረቀት ኮፒ አድርጌ ይዤ አብሬው እመጣለሁ።» ዘጋሁት።

«ገደልሽኝ» አለ።

«ሞተህም ቢሆን ትሄዳለህ። ተነስ።»

ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ የሱሉልታ ሚኒባስ። መንገዱን ሁሉ ወረቀቱን ሲያጥፍና ሲዘረጋ ሄደ። እኔም ፈርቼ ነበር። ቢዋረድስ? ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ። ደርሰን ስንወርድ የሱሉልታ ብርድ ጆሮአችንን ቆረጠው።

ማኅበሩ አድጎ ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሰባት መምህራን አሉ። ወረቀቱን አደልኩና ከኋላ ተቀመጥኩ። ፍቅሬ ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ጽፎ አጠፋ፤ ከዚያ ለመደ። በኤች አካፈለ፣ አጣፋ፣ አቃለለ፤ ጽሑፉ መቼም ያምራል። «አሁን ኤች ዜሮ ስትሆን…» ሲል አንድ እጅ ወጣ። የሰነፍ ዕጣ የደረሳት ራቢአ ናት።

«ቲቸር፣ አልገባኝም። ኤች ዜሮ ናት ወይስ አይደለችም? ዜሮ ከሆነች በዜሮ አካፍለናል። ካልሆነች አሁን የት ጠፋች?»

የሱን ጥያቄ ቃል በቃል! ሰዉ ሳቀ። ፍቅሬ አልሳቀም። ወደ ሰሌዳው ዞረ፣ ወደ እነሱ ዞረ። «በትርጉም…» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እኔ ወንበሩን ጨምድጄ ይዣለሁ።

ጠመኔውን አስቀመጠ። «አላውቀውም» አለ። «ያኔ ስጠይቅም አላውቀውም ነበር። ስትስቁ የነበረው ትወና መስሏችሁ ነው። ትወና አይደለም። ሰነፉ ተማሪ እኔው ነኝ። ይሄን ማኅበር ያቋቋምኩት እናንተ ሳታውቁ ከእናንተ ልማር ብዬ ነው። ሰኞ ስድሳ ሁለት ልጆች ይጠብቁኛል።»

ሲስቁ የነበሩት ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ።

ሞቱማ ነው የተነሳው። ወንበሩ ሲንቋቋ ሁሉም ዞሮ አየው።

«ፍቅሬ፣ ያን ቀን ስትጠይቀኝ ምን ብዬ ነበር የመለስኩልህ?»

«በትርጉም ነው አልከኝ።»

«ስለማላውቀው ነዋ!» አለ። «ስምንት ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር እዚህ ጋ ስደርስ በትርጉም ነው፣ ጻፍ፣ ብዬ ነው የማልፈው። ያን ቀን ስትጠይቀኝ ነቃብኝ ብዬ ነው ያላበኝ!»

ሳቁ ፈነዳ። አንዱ «እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ጊዜ አልቋል እላለሁ» አለ። ሌላው «እኔ ለቤት ሥራ ነው የምሰጠው» አለ። ራቢአ ብቻ አልሳቀችም። ተቆጥታለች፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነው።

«ጋሽ ፍቅሬ፣ እኔ እኮ ጥያቄዎን ሁሉ ደብተር ላይ ጽፌ ይዣለሁ። ክፍል ስገባ ልጆቹን ቀድሜ የምጠይቃቸው እሱን ነው። ድሮ ሳይገባቸው ዝም ይሉኝ የነበሩ ልጆች አሁን ይናገራሉ። ለምን አልነገሩኝም?»

ፍቅሬ አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ ልቀመጥ?» አለ።

«የለም! ጥያቄዬ አልተመለሰማ!»

እንደገና ጠመኔ አነሳ። ትንሽ አሰበና በአሥራ ሰባቱ ሰው ራስ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። «ትጊ፣ እስካሁን ያልኩት ገባሽ?»

ሁሉም ዞረ። ራሴን ልነቀንቅ ነበር። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ነው፤ ያቆምኩትም በሒሳብ ነው። በትዳራችን ሙሉ ስለ ሒሳብ ሲያወራ ራሴን ስነቀንቅ ነው የኖርኩት። እሱ ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት አላውቀውም ካለ በኋላ መዋሸት አስጠላኝ።

«ምንም አልገባኝም» አልኩት።

«ጥሩ» አለና ሰሌዳውን ጠረገው። «የመጣንበት ሚኒባስ። ረዳቱ ሳብ ሲለው ከቆመበት ተነሳ። በሦስት ሰከንድ ዘጠኝ ሜትር ሄደ፤ በአራት ሰከንድ አሥራ ስድስት፤ ሰከንዱን በራሱ ማባዛት ነው። ልክ ሦስተኛው ሰከንድ ላይ ፍጥነቱ ስንት ነበር? ከሦስት እስከ አራት ባለችው አንድ ሰከንድ ስንት ሜትር ሄደ?»

«ሰባት።»

«ግን በዚያች ሰከንድ ውስጥም እየፈጠነ ነው፤ ስለዚህ ሰባት በዛ። ጊዜዋን እናሳጥራት።» አንድ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ አደረጋትና አሰላ፤ ስድስት ነጥብ አንድ መጣ። አንድ መቶኛ አደረጋት፤ ስድስት ነጥብ ዜሮ አንድ። «ከዚህም ካሳጠርናትስ?»

«ስድስት ነጥብ ዜሮ ዜሮ አንድ» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

«ያቺ አጭሯ ጊዜ ናት ኤች። ዜሮ ሆነች?»

«አልሆነችም» አልኩት። «ግን ዜሮ እስክትሆን ምን አስጠበቀን? ፍጥነቱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አወቅን እኮ። ወደ ስድስት ነው።»

ፍቅሬ አፉን ከፍቶ ቀረ። የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ነገሩ የገባው ግን ያኔ ለሱ ነው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ቁጥሮቹን በጣቱ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ነካካቸው።

«ተመለሰ!» አለች ራቢአ፣ ጠረጴዛዋን እየደበደበች። ሞቱማ በኦሮምኛ እየተሳደበም እየመረቀም ደብተሩ ላይ መጻፍ ጀመረ።

ፍቅሬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የተማሪ ወንበር ስለሆነ ጉልበቱ አልገባ ብሎት ወደ ጎን ዞረ። እጁ ጠመኔ በጠመኔ ነው። ቀስ ብሎ «ትጊ፣ አልለቅም» አለኝ።

«ማን ልቀቅ አለህ?» ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ስድስት ወር የያዝኩት እንባ ዝርግፍ ብሎ ነበር።