ዳቦው ውስጥ የተደበቀው ሕፃን

ማዳም አገሯ ሜክሲኮ እንደሆነ ስትነግረኝ ወላሂ የምትቀልድብኝ ነበር የመሰለኝ። እኔ የማውቀው ሜክሲኮ አዲስ አበባ ያለውን አደባባይ ነው፤ እሱንም በታክሲ ሳልፍ። በተሰደድኩበት አገር ጦርነቱ ሳይነሳ፣ ቡሪ ሰፈር ያለው ቤቷ ተመላላሽ ሠራተኛ ነበርኩ። ከባሌ ጋር የምንኖረው ከከተማው ዳር ካላክላ ስለሆነ ጧት ጧት ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ውስጥ ተጨናንቄ እደርሳለሁ።

ያኔ እርጉዝ ነበርኩ፤ ከባሌ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ዴም ሰፈር ያለችውን ጓደኛዬን ሆዷ ገፋ ሲል አሠሪዋ «ኸላስ፣ በቃሽ» ብላ አሰናብታታለች። ታዲያ እኔ ልናገር? ሰፊ ቀሚሴን ለብሼ አፌን ለጉሜ እሠራ ነበር።

የማዳም ነገረ ሥራ ግን አላማረኝም። ሽንኩርት ስከትፍ ሲያቅለሸልሸኝ ታየኛለች። «ተቀመጪ» ትላለች። ጀሪካን ሳነሳ ትነጥቀኛለች። ደግ ሆና ነው? እንጃ! አሠሪ ያለምክንያት ደግ ሲሆን እኔ አልወድም።

አንድ ቀን የበዓላቸውን ዳቦ ጋገረች። እንደ ቀለበት ክብ ነው፤ ላዩ ላይ ቀይና አረንጓዴ የደረቀ ፍራፍሬ ተለጥፎበታል። ባሏና እንግዶቿ ጠረጴዛውን ከበዋል። ቢላዋውን ለእኔ ሰጠችኝ።

«ያላ፣ አንቺም ቁረጪ። ደስ ካለሽ ቦታ» አለች በተሰባበረ ዐረብኛዋ።

ሁሉም እጄን እጄን ያያሉ። ምን አስበው ነው? ስቆርጥ ቢላዋው ጠንካራ ነገር ነካ። ጎትቼ ሳወጣው ጣት የምታክል ነጭ የላስቲክ ሕፃን! ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ።

እኔ ክው አልኩ። አውቃብኛለች! በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው! ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ።

«ማን ነገረሽ? አዎ፣ አርግዣለሁ! ልታባርሪኝ ከሆነ አባርሪኝ እንጂ በአሻንጉሊት አታላግጪብኝ!»

ጭብጨባው ቀጥ አለ።

«አርግዘሻል እንዴ?» አለች ማዳም።

ለካ ምንም አታውቅም፤ ጨጓራዬን ያመመኝ መስሏት ኖሯል። አይ የኔ ነገር! ጉዴን በገዛ አፌ ዘረገፍኩት።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሕፃኑ ነቢዩ ኢሳ ነው አሉ፤ ዳቦው ውስጥ የሚደብቁት ሕፃናትን ከሚገድለው ንጉሥ መሸሸጉን ለማስታወስ ነው። ሕፃኑ የደረሰው ሰው ከወር በኋላ ለሁሉም ታማሌ ያበላል፤ ታማሌ የበቆሎ ሊጥ ነው፣ እኛ ዳቦ በኮባ እንደምንጠቀልለው በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል። ስትጨርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አንቺም ልጅሽን ከኔ ደበቅሽው። ክፉው ንጉሥ እኔ ነኝ ማለት ነው?»

የዳቦውን ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ ጠረግኩ። ሥራሽ የትም አይሄድም ብትለኝም አላመንኳትም። በር በተንኳኳ ቁጥር ሌላ ሠራተኛ የመጣችብኝ እየመሰለኝ ስሳቀቅ ከረምኩ።

የታማሌው ቀን ሲደርስም ሌላ ሠራተኛ አልመጣብኝም። ማዳም ራሷ በእኔ ፈንታ ሠርታ፣ እኔን ከእንግዶቿ ጋር አስቀምጣ፣ መጀመሪያ ለእኔ አቀረበች። ቅጠሉን ገለጥኩና ሊጡን በሹካ እስከ ታች ፈለፈልኩት።

ለካ ታየኝ ኖሯል።

«ዶሮ ብቻ ነው» አለችኝ። «ምንም አልደበቅኩበትም። ብዪ፣ ለሁለት ነው የምትበዪው።»

በላሁ።