የተጠቀለለው የገብስ ቅጠል

ልጅ ሳለሁ፣ ጥፋት ሁሉ ከመድረሱ በፊት ድምፅ ያሰማል ብዬ አምን ነበር። ይህን ያሳመኑኝ የአባቴ አባት ናቸው፤ እኛ ልጆቹ አባባ እንላቸዋለን። በመንዝ፣ ከዘመሮ ከተማ ከፍ ብሎ በሚገኘው ቤታችን የጓሳ ነፋስ በሩን ሲደበድበው፣ አባባ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ከምድጃው አጠገብ ይቀመጡና፣ የኩበቱ ጢስ ዓይናችንን እያስለቀሰው፣ ስለ አንበጣው ንጉሥ ይተርቱልን ነበር። ንጉሡ ከመዝመቱ በፊት መልእክተኛ ይልካል፤ ሰማዩ ይጠቁራል፤ የሠራዊቱ ክንፍ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ሰውም ጅራፍ እያጮኸ ያባርረዋል። አባባ ጅራፉን በአፋቸው ሲያጮኹት እኔና እኅቴ ዘነበች እንተቃቀፍ ነበር።

ያኔ፣ በአንዱ በልግ፣ ገብሳችን ታመመ። ቅጠሉ በቁመቱ ነጭ መስመር አወጣ፤ እንደ ሽንኩርት ቅጠልም ተጠቀለለ። አባቴ ሳይደርቅ አጭዶ ቢያንስ ለከብቶቹ ሊያተርፈው ፈለገ፤ ነገር ግን ገብሱ ከታጨደ እስከ መኸር የምንበላው አልነበረንም። አባባ ከለከሉት።

«ውርጭ ነው። አንድ ዝናብ ሲያገኝ ይፈታል።»

«ዘንቧል እኮ፣ አባባ።»

«እሱን ዝናብ ትለዋለህ? ድመት ብትሸና ይበልጣል!»

አባቴ ሳቀና ጠበቀ። ጎረቤቶቻችንም ማሳቸው ዳር ቆመው ሰማይ ሰማዩን እያዩ ጠበቁ። ቅጠሉን ገልጦ ያየ ግን አልነበረም።

አንድ ቀን፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ እናቴ የደረሰ የመሰላትን እሸት ከነቅጠሉ ቆርጣ አመጣች። ዛላው ከጥቅሉ መውጣት አቅቶት እንደ መንጠቆ ጎብጧል። አባባ ተረታቸውን ሳያቋርጡ ጥቂቱን በእጃቸው ያዙና ፍሙ ላይ ይለበልቡት ጀመር። የንጉሡ መልእክተኛ ከተራራው ጫፍ እንደ ደረሰ ድምፃቸው ቆመ።

ሙቀቱ ያላቀቀው ቅጠል ሲከፈት፣ ከሰሊጥ ያነሱ አረንጓዴ ተባዮች ከውስጡ እየጎረፉ በጣቶቻቸው ላይ ፈሰሱ፤ ወደ እጅጌያቸውም ወጡ። ኩራዙ ሲቀርብ የእጃቸው ቆዳ ራሱ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ዘነበች ጮኸች። አባባ ግን አላራገፏቸውም፤ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ያዩዋቸው ነበር። እናቴ ሌላ ቅጠል ፈታች፤ ሞልቶበታል። ሌላም ፈታች።

«መቼ ገባ?» አለ አባቴ፤ እንዲያ ያለ የሕፃን ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። «በየት በኩል ገባ?»

«እጨደው» አሉ አባባ። «ነገ ጧት እጨደው።»

ታጨደ። ግን ብዙው ደርቆ ስለነበር ከብቶቹ እንኳ አሽትተው ተዉት። ያን ክረምት ያለፍነው የእናቴ ወንድሞች ከመርሐቤቴ በአህያ ጭነው ባመጡልን ማሽላ ነው።

ቆይቶ የመጣ የግብርና ባለሙያ ተባዩ ክሽክሽ እንደሚባል፣ ከውጭ የገባና እስከ ጥቂት ዓመታት በፊት ድረስ በአገራችን የማይታወቅ የነበረ እንደሆነ ለመንደሩ አስረዳ። አባባም፣ «ከባሕር ማዶ መጥቶ የመንዝን ብርድ ከቻለማ ባና ሸምነን እንስጠው!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

በዚያው ምሽት ዘነበች የአንበጣው ንጉሥ የት እንደ ደረሰ ጠየቀቻቸው። አባባ ረመጡን ቆሰቆሱ።

«እሱማ ጨዋ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «አስታውቆ ነው የሚመጣ።»

ያን ተረት ዳግመኛ አልተረቱልንም። እኔ ካደግሁ በኋላ ስለዚያ ተባይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ ሴቷ ያለ ወንድ እንደምትወልድ፣ ምራቋ ቅጠሉን እንዴት እንደሚጠቀልለው፣ በዚያ መጠለያ ውስጥም ዝናብ እንደማይነካት ዐወቅሁ። ዕውቀቱ ድንጋጤዬን አላቀለለውም። ዛሬም በገብስ ማሳ ዳር ሳልፍ የተጠቀለለ ቅጠል ካየሁ ቆሜ እፈታዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ባዶነቱን ግን አላምነውም።