ከጣራ ውሃ በቀር የማይጠጣው አበባ

መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ለግትርነታቸው ደባት ውስጥ ወደር የላቸውም። ግድግዳ ስለምንጋራ ይህን ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። ደረስጌ ተወልደው፣ ቅኔ ፍለጋ ጎጃም ድረስ ዞረው፣ በመጨረሻ ደባት ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ሸበቱ። ሚስታቸው ፋንታዬ ስትሞት ልጃቸው ሊድያ የወተት ጥርሷን እንኳ አልነቀለችም ነበር። ሚስት አግቡ፣ ወይም ልጅቱን ለአክስቷ ስጡ ያላላቸው ሰው የለም፤ ማንንም አልሰሙም። ሹሩባ አሠራር አሳዪኝ ብለው ደጄ ድረስ መጥተው ቆሙ። እንደዚያ የተንሻፈፈ ሹሩባ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም፤ ልጅቱ ግን ኮርታበት ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር።

ሊድያ አድጋ ደባርቅ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ሆነች። ጎንደር ያስተማራት ሰው ከዘር ያበቀለውን አንድ ተክል ሰጣትና በሚኒባስ ታቅፋ አመጣችው። እኛ አበባ አልነው እንጂ አበባ እንኳ አይደለም። የየቅጠሉ ጫፍ እንደ ክር ይረዝምና ወደ ታች ይወርዳል፤ ከክሩ መጨረሻ ክዳን ያላት ትንሽ ገንቦ ትንጠለጠላለች። ገንቦዋ አረንጓዴ ናት፤ ጠቃጠቆዋ ግን የወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ ከንፈሯም ቅቤ እንደተቀባ ያብለጨልጫል። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ በውስጧ የያዘችው ውሃ በስሱ ቆዳዋ አልፎ ይታያል። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የሚያምር ነገር ደባት ውስጥ አላየሁም። ዝንብ ግን ከከንፈሯ ላይ ማር መሳዩን ልልስ ብሎ ሲያርፍ ያዳልጠውና ይገባል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ የገባ አይወጣም፣ እዚያው ቀልጦ የተክሉ ምግብ ይሆናል።

መሪጌታ ተክሉ ሥጋ በል መሆኑን የሰሙ ዕለት ከቤቴ ይውጣልኝ አሉ። ሊድያ ወስዳ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው፤ ግትርነትን ከየት እንደተማረች ማንም አይጠይቅም። ሳምንት ሳይቆይ ግን ተማሪዎቻቸውን ካሰናበቱ በኋላ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ እያዞሩ መቀመጥ ጀመሩ። ሰምና ወርቅ ሊያወጡለት ነው ብዬ ብጠብቅ ሥራቸው ማየት ብቻ ሆነ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ በነጠላ ቁራጭ የገንቦዎቹን አፍ አሰሩ። በቤታቸው ጾም የሚገድፍ የለም። ሊድያ ሆዷን ይዛ ሳቀችና "አባዬ፣ እሱኮ አልተጠመቀም" አለቻቸው። ሌሊቱን ሲያስቡበት አድረው ይሆናል፣ በማግሥቱ ፈቱለት።

በዓመቱ ሊድያ ታመመች። ፊቷና እግሯ ያብጥ ጀመር፤ የፈሩት ይደርሳል ነውና ጎንደር ሲያዩዋት ሁለቱም ኩላሊቶቿ ደክመዋል ተባለ። ደሟ በማሽን እየታጠበ እዚያው እንድትቆይ ተወሰነና የእናቷ እህት አልጣሽ ዘንድ ተቀመጠች። መሪጌታ ልከተልሽ ቢሏት የተማሪዎቹን ጉባኤ እንዳይበትኑ ለመነቻቸው። ሌላ የለመነቻቸው ነገር ቢኖር አበባውን ነው፤ ስትመለስ በሕይወት እንድታገኘው።

አጠባበቁን አብራርታ ነገረቻቸው። ተክሉ ድኻ አፈር የለመደ ነውና ፍግ እንዳያስነኩት። ከዝናብ ውሃ በቀር እንዳያጠጡት፤ የቧንቧውም የምንጩም ውሃ ከድንጋይ ያመጣው ጨው ስላለበት ሥሩን ያቃጥለዋል። በክረምት ከጣራ ወርዶ በበርሜል የተጠራቀመው ካለቀ ደባርቅ ሄደው ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ውሃ ይግዙለት፤ እሱ ተጣርቷል።

ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ያንን ተክል እንደ ሰው ይጠብቁት ጀመር። ይህ ከኖረ ልጄም ትኖራለች ብለው አንድም ቀን አልተናገሩም፤ ግን አዲስ ገንቦ ባወጣ ጠዋት ሲያስተምሩ ድምፃቸው እስከ አውራ ጎዳናው ይሰማል። አንዷ የደረቀች እንደሆነ ተማሪዎቹ ምን እንዳሉ ለመስማት አንገታቸውን ማስገግ ነበረባቸው።

መጋቢት ላይ በርሜሉ ደረቀ። መሪጌታ ደባርቅ ድረስ ሄደው ነበር። ባለሱቁ ጠርሙሱን ሲያቀብላቸው ይህ አይጠጣም፣ ሕፃናት እንዳይነኩት ብሎ አስጠነቀቃቸው፤ እሳቸውም መልሰውለት ባዶ እጃቸውን መጡ። ለብረት የሚጨመር ነገር ነፍስ ላለው እንዴት ይሰጣል ብለው ለእኔ አማረሩ። በዚያው ሰሞን ለሊድያ ጸበል ሊልኩላት ከገደል ሥር ካለው የጸበል ምንጭ በሃይላንድ ሞልተው አመጡ። ግማሹን በሚኒባስ ላኩላት። የቀረውን፣ ጸበል እህል ሳይቀመስ እንደሚጠጣው ሁሉ፣ በማለዳ በስመ አብ ብለው ለአበባው አጠጡት። ከዚያ የተሻለ ውሃ እሳቸውም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም።

መጀመሪያ የቅጠሉ ዳር ዳር ጠቆረ። መሪጌታ ጸበሉ ያነሰው መስሏቸው ጨመሩ። ገንቦዎቹ ከክዳናቸው ጀምረው ተጨማደዱ፤ ያ የወይን ጠጅ ጠቃጠቆ ጠፋ። በጠወለገ ቁጥር እሳቸው ወደ ምንጩ ይገሰግሳሉ፤ በገሰገሱ ቁጥር እሱ ይብስበታል። ፋሲካ ሲደርስ ለጋው ቅጠልም ደርቆ አለቀ።

ሊድያ በደወለች ቁጥር ስለ አበባው ትጠይቃለች። ውሸት ሲናገሩ ሰምቻቸው የማላውቅ ሰው ደኅና ነው፣ አዲስ ገንቦም አውጥቷል እስከ ማለት ደረሱ። እሷም ደኅና ነኝ፣ እየተሻለኝ ነው ትላቸው ነበር። ግድግዳችን ቀጭን ስለሆነ ስልኩ ሲዘጋ የእሳቸውን ለቅሶ ሰምቻለሁ። የእሷን የነገረችኝ አልጣሽ ናት።

ግንቦት ላይ አልጣሽ ደግፋ አመጣቻት። ሰውነቷ ማሽኑን አልቻለውም፤ ሐኪሞቹም ቤቷ ትረፍ ብለዋል። ገና ከደጅ ስትገባ ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ። አበባው በተተከለበት ጣሳ ውስጥ የቀረው አንድ ጥቁር ጭራሮ ነበር። መሪጌታ አልሸሸጉም፤ ያደረጉትን ሁሉ ነገሯት። አልተቆጣችም። እንደ እርስዎ የወደደው የለም አለቻቸው። ብትቆጣቸው ይሻል ነበር፤ ያን ቀን ምሳም ራትም አልበሉም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተለወጠባቸው። ልጃቸውን ሾርባ ያቀምሷታል፣ እግሯን ያጥባሉ፣ ዳዊት ይደግሙላታል፤ በራስጌዋ የተቀመጠውን የጸበል ጠርሙስ ግን በእጃቸው አይነኩም። ሰው እምነታቸው ጎደለ እንዳይላቸው ሰጋሁላቸው። እምነት አልጎደላቸውም፤ የራሳቸውን እጅ ነው የፈሩት። እሳቸው ያጠጡት ሁሉ የሚደርቅ መስሏቸው ነበር።

ሊድያ ከመሞቷ በፊት በነበረው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት እኔና አልጣሽ አልጋዋን ስናነጥፍላት አባቷን ጠርታ ጸበሉን እንዲሰጧት ጠየቀች። መሪጌታ ጠርሙሱን አንሥተው ክዳኑን ከፈቱና እዚያው ቆመው ቀሩ። 

"ልጄ፣ ቢጎዳሽስ?" አሉ።

ይህ ቃል ከመሪጌታ አፍ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል? አልጣሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ሊድያ እጇን ሰዳ የአባቷን እጅ ያዘች።

"ከእንግዲህ የሚጎዳኝ የለም፣ አባዬ። ጎንደር የላኩልኝን አልጠጣሁትም፤ ሐኪሞቹ ውሃ ከልክለውኝ ነበር። አሁን ከእጅዎ ልጠጣው።"

መሪጌታ በስመ አብ ብለው በክዳኑ ቀዱላትና ራሷን ደግፈው አጠጧት። ቀስ ብላ ዋጠችው። ከዚያ ቀና ብላ ዓይን ዓይናቸውን እያየች "ይጣፍጣል" አለቻቸው።

የዚያ ምንጭ ውሃ ጨው ጨው እንደሚል እኛ ሁላችንም እናውቃለን።