ስም የሌለው ምስክር

መምህር ሸረፋ ሲናደድ ድምፁ አይጨምርም፤ ይቀንሳል። ቡታጅራ ላይ ይህን የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። ሲጮኽባቸው ይሳሳቃሉ፤ ዝግ ብሎ «እስቲ ድገሚልኝ» ያለ ዕለት ግን ክፍሉ ውስጥ ዝንብ አይበርም። በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት መስከረም ከዩኒቨርሲቲው የክረምት ትምህርት ሲመለስ ያ ዝግ ያለ ድምፅ አብሮት መጣ፤ ለወራትም አልለቀቀውም።

ምክንያቱን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እዚያው ቡታጅራ አብራው የምታስተምረው ዘርፈሽዋል ናት፤ ሌላው የእንሴኖው መምህር ከማሉ። ሦስቱም በጋውን ሲያስተምሩ ከርመው ክረምት ክረምት አዲስ አበባ ይማራሉ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የስብስብ ትምህርት ፈተና ሲመለስ ሁለቱም እዚያው ነበሩ።

ሌክቸረሩ ከባሕር ማዶ ከተመለሰ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። የሸረፋን ወረቀት ከመሃል መዘዘና ከፍ አደረገው። ጥያቄው አጭር ነበር፦ አንዱ ስብስብ በሁለተኛው ውስጥ፣ ሁለተኛውም በሦስተኛው ውስጥ ከሆነ፣ የመጀመሪያው በሦስተኛው ውስጥ መሆኑን አረጋግጥ።

«ስሙማ፣» አለና ያነብ ጀመር። «‹የእንሴኖ ሰው ሁሉ የሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሰው ነው። የአውራጃው ሰው ሁሉ የሸዋ ሰው ነው። ከማሉ የእንሴኖ ሰው ነው፤ አባቱም አያቱም እዚያው ተወልደዋል። ስለዚህ ከማሉ የሸዋ ሰው ነው። ተረጋገጠ።›» ቀና አለ። «ለመሆኑ ከማሉ ማነው?»

ከማሉ፣ ምስኪን፣ ስሙ ሲጠራ እጁን አወጣ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሌክቸረሩም ሳቀ። «ከማሉ ነገ ወባ ቢይዘው ማረጋገጫው አብሮት ሊያንቀጠቅጠው ነው? ምሳሌ ማረጋገጫ አይሆንም ብያለሁ! ኤክስን ውሰድ፤ ማንኛውንም ኤክስ።»

ሸረፋ ተነሣ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከታናሽ ወንድሙ የሚያንስ ልጅ ነው አንተ የሚለው። «ኤክስ የማን ልጅ ነው?» አለ። መቀለዱ አልነበረም።

ሳቁ እንደገና ተነሣ። መልስ የሰጠው ግን የለም። ወረቀቱ ሲደርሰው ሁለተኛው ጥያቄ ላይም ቀይ መስመር ተጋድሞበታል። ባዶው ስብስብ በማንኛውም ስብስብ ውስጥ መሆኑን አረጋግጥ ለሚለው፣ «የሌለ ነገር የማንም አይደለም» ብሎ ነበር የጻፈው። ከበታቹ «ጥር ላይ ድጋሚ ፈተና» የሚል ሰፍሮበታል። ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ በድጋሚው የወደቀ ይሰናበታል። ሦስት ክረምት ውኃ በላው ማለት ነው።

ሸረፋ ሰነፍ አልነበረም። ስም የሌለው ነገር አይወድም፤ ያ ብቻ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ የጓሮ እንሰታቸውን ግማሽ በክርክር ተነጥቀዋል። በዚያ ቀን ለባለጋራ የቆመው ሰው «ድንበሩ ሲገፋ ያየ አንድ ሰው አለ» አለ። አባቱ «ማነው? ስሙን ጥሩልኝ፤ የአባቱን ስም ጥሩልኝ!» ብለው እስኪደክማቸው ጮኹ። ስሙ አልተጠራም፤ እንሰቱ ግን ሄደ። አባቱ እስኪሞቱ ድረስ የሚያጠብቁት አንድ ነገር ነበር፦ «ልጄ፣ ስም የሌለው ሰው መሰከረ ሲሉህ፣ ቆመህ እንቢ በል።» ይኸው ቆሞ እንቢ አለ። ዩኒቨርሲቲውም ሳቀበት።

ከመስከረም ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱም ቡታጅራ ትምህርት ቤት ባዶ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። ሁለቱ ባለፈው ፈተና አልፈዋል፤ የሚመጡት ለእርሱ ብለው ነው። ይህም ያናድደዋል።

«አንተ ሰውዬ፣» ትለዋለች ዘርፈሽዋል ጠመኔውን እያራገፈች፣ «ዝም ብለህ ሸምድደው። እኔ ገብቶኝ መሰለህ ያለፍኩት?»

«ሳይገባሽ ነው የጻፍሽው?»

«ታዲያስ! ‹ኤክስ በስብስብ ሀ ውስጥ ይሁን› ብዬ ጀመርኩ፣ ‹ስለዚህ› እያልኩ ወረድኩ፣ ጨረስኩ። እንደ ጸሎት ነው፤ አሜን የሚባልበትን ቦታ ካወቅህ ይበቃል።»

«እኔ በማላምንበት አሜን አልልም።»

«ወላሂ፣» ይላል ከማሉ፣ «የእኔን ስም ከምትጽፍ የዘርፈሽዋልን ብትጽፍ ይሻል ነበር። እስካሁን እንሴኖ ላይ ‹የተረጋገጠው ከማሉ› ነው የሚሉኝ።»

ሸረፋ አይስቅም። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከተውና ይሄዳል።

ክፉው ነገር፣ በዚያው ዓመት አዲሱ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ መጣ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስብስብ ነው። የማያምንበትን ማስተማር ግድ ሆነበት። ኅዳር ላይ ሰሌዳው ላይ «ባዶው ስብስብ በሁሉም ስብስቦች ውስጥ አለ» ብሎ ጽፎ ሲዞር፣ ከድጄ የምትባል ልጅ እጇን አውጥታለች። ብዙ የማትናገር፣ ስትናገር ግን መሬት መሬት የማታይ ልጅ ናት።

«መምህር፣ ውስጡ ምንም ከሌለ፣ በሁሉም ውስጥ መሆኑን በምን አወቅን?»

የራሱ ጥያቄ ነበር። ቃል በቃል የራሱ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ፤ ያ የነሐሴው ሳቅ መሰለው።

«እስቲ ድገሚልኝ፣» አለ ዝግ ብሎ።

ደገመችው። በማስመሪያው መዳፏን አራት ጊዜ መታት፤ እስከ ደወል ድረስም ተንበርክካ ዋለች። አላለቀሰችም። እርሱም ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ታኅሣሥ ላይ ሽማግሌዎች አስጠሩት። ሙሀመድሰይድ የተባለ ባለመሬት፣ ሙስተፋ የተባለውን ጭሰኛውን «ከብቶችህ እንሰቴን በሉት» ብሎ ከሶታል። ነገሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ይደርስ ይሆናል ተብሎ ቃል የሚጽፍ ሰው ተፈለገ። ሸረፋ ደብተሩን ይዞ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። አባቱ የተረቱበትን ሸንጎ የመሰለ ሸንጎ ነው፤ ገና ሳይጀመር ጥርሱን ነክሷል።

ሸንጎውን የሚመሩት አባባ ከድሮ የሚባሉ አዛውንት አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የተከራካሪዎቹን ስም ከመጥራታቸው በፊት ሕጉን ያኖራሉ። «አንድ ሰው አለ እንበል፣» አሉ። «ስሙን አልጠራም። የማን ልጅ እንደሆነም አልጠይቅም፤ ሀብታምም ይሁን፣ ድኻም ይሁን። የዚህ ሰው ከብት የጎረቤቱን እንሰት ቢበላ፣ ይክሳል። ይህን የሚቃወም አለ?» የተቃወመ አልነበረም።

ሸረፋ ደንገጥ ብሎ እርሳሱን አነሣ። «አባባ፣ ስሙ ያልተጠራ ሰው እንዴት...» ጸሐፊ መሆኑን ዘንግቶ ተናገረ።

አዛውንቱ ዞረው አዩት። አባቱን ያውቋቸው ነበር። «ልጄ፣ ምስክር ስም ከሌለው ሐሰት ነው። ሕግ ስም ካለው ደግሞ አድልዎ ነው። አባትህን ያቃጠላቸው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለቱን አታደባልቅ። ጻፍ።»

ጻፈ።

ሙሀመድሰይድ ክሱን ተናገረ። ሙስተፋ ተራው ሲደርስ ከመሬት ተነሥቶ ነጠላውን አጣፋ። «ላሞቼን ትከሳለህ?» አለ በመረረ ምፀት። «ላሞቼ ሁሉ ያን ቀን ታስረው ነበር! አንዳቸውም ከደጄ አልወጡም!»

ሸንጎው ተንጫጫ። የሙስተፋ የመጨረሻዋ ላም ዐምና በበሽታ መሞቷን የማያውቅ የለም።

«ሰማችሁ?» አለ ሙሀመድሰይድ። «ላም አለኝ በሰማይ! በሽማግሌ ፊት ዋሽቷል። እንሰቱን ተዉት፤ ስለ ውሸቱ ይቀጣልኝ!»

አባባ ከድሮ እጃቸውን ዘረጉ። «ዋሽቷል ያልከው አንተ ነህ። ላሞቼ ሁሉ ታስረው ነበር ነው ያለው። ቃሉን ሐሰት የምታደርገው አንድ ያልታሰረች ላሙን ስታመጣ ነው። አምጣ።»

«ላም የለውም እኮ!»

«እንግዲያው ያልታሰረችም የለችውም። ቃሉ ጸንቷል። ደግሞም ላም እንደሌለው እያወቅህ ላሞቹ በሉብኝ ያልከው አንተ ራስህ ነህ። ተቀመጥ።»

ሰው ሳቀ። ሸረፋ ግን ደሙ ፈላ። ሦስት ወር ሙሉ! ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳው ነገር ዋርካ ሥር፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ። ያ ልጅ ሌክቸረር ይህን ማለት አቅቶት ነው? ከባዶው ውስጥ አንድ ያፈነገጠ ነገር አምጣ፤ ማምጣት ካቃተህ ቃሉ ጸንቷል! የሌክቸረሩን ሳቅ አሰበ፣ ተናደደ። ከዚያም የከድጄን መዳፍ አሰበ። ቁጣው ዞሮ የሚያርፍበት አጥቶ እላዩ ላይ አረፈ።

ጥር ላይ ሎንቺና አውቶቡስ ተሳፍሮ ለድጋሚው ፈተና አዲስ አበባ ሄደ። ጥያቄዎቹ ቁጥራቸው እንጂ መልካቸው አልተለወጠም። «ኤክስ በሀ ውስጥ ይሁን፤ የትኛውም ይሁን፣ ለይተን አንጠራውም» ብሎ ጀመረ። የባዶው ስብስብ ጥያቄ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳ ተጭኖ ጻፈ፦ «ሐሰት ነው የሚል፣ በባዶው ውስጥ ያለ፣ በሀ ውስጥ ግን የሌለ አንድ ነገር ያምጣ። ባዶው ውስጥ ምንም የለም። ስለዚህ ሊያመጣ አይችልም።»

በሦስተኛው ቀን ውጤቱን ለመስማት የሌክቸረሩ ቢሮ ገባ። ወጣቱ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። «አልፈሃል። ደህና አድርገህ ነው ያለፍከው፤» አለ፣ እውነትም ደስ ብሎት። «ግን ምን ነበር ያስቸገረህ? ያኔ ክፍል ውስጥ አትጠይቅም ነበር?»

«ጠይቄ ነበር፣» አለ ሸረፋ።

«መቼ?»

«እርስዎ ሲስቁብኝ።»

ሌክቸረሩ ለማስታወስ ሞከረ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ረስቶታል። ሸረፋ ለዚያች ሰዓት በልቡ ያዘጋጀው ብዙ ነገር ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ሲፈጭ የመጣው። ለረሳ ሰው ግን ምን ይነገራል? ወረቀቱን ተቀብሎ ወጣ። ማለፉ ከሎንቺናው ወርዶ ዘርፈሽዋል ከሩቅ «እህሳ!» እስክትለው ድረስ ትዝ አላለውም።

ሰኞ ሰባተኛ ክፍል ገባ። ማስመሪያውን አልያዘም። ያንኑ የኅዳሩን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጽፎ ዞረ።

«ከድጄ።»

ተነሣች።

«ያን ጊዜ የጠየቅሽኝን እስቲ ድገሚልኝ።» ድምፁን ዝግ ማድረጉ የገባው ከተናገረ በኋላ ነው። «ልመታሽ አይደለም፣» አለ ቶሎ ብሎ። «ጥያቄሽ ትክክል ነበር። መልሱን ያላወቅሁት እኔ ነኝ። አሁን አውቄዋለሁ። ጠይቂኝ።»

«አልጠይቅም፣ መምህር።»

«ለምን?»

ከድጄ መዳፎቿን ከኋላዋ አጣምራ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ጠይቄ ነበር።»

የሸረፋ ቁጣ እንደ ልማዱ መጣ። ከራሱ በቀር ሊያሳርፍበት የሚችል ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ወደ ሰሌዳው ዞረና፣ ላም ስለሌለው ሰው ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራቸው ገባ።